መቶ አስራ ስምንት በሰባ ስድስት

ጥቅምት 6

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? እማዬ ደህና ናት። ደብዳቤህ ላይ ሦስት ጊዜ ስለጠየቅክ እኔም ሦስት ጊዜ ልመልስልህ፤ ደህና ናት፣ ደህና ናት። ቶሎ ሳልጽፍ በመቅረቴ አትቀየመኝ። ለምን አትደውዪም ላልከው፣ የማገገሚያ ቤታችን ስልክ የነርሶች ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ መሆኑን ረስተኸው ነው። እዚያ ቆሜ ስለ እናቴ ሳወራ ከኋላዬ አራት ሰው ተሰልፎ ያዳምጣል፤ አምስተኛዋ ኃላፊዋ ናት።

የተሰበረው ዳሌዋ በደንብ ይዟል ብሏል ተረኛው ሐኪም። ባለአራት እግሩን ምርኩዝ ይዛ ከአልጋዋ እስከ በሩ ትሄዳለች። ሲመልሷት ትሳደባለች፣ ስለዚህ እየዳነች ነው። ያስተኟት መስኮቱ ሥር፣ ሰባተኛው አልጋ ላይ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት የሌሊት ተረኛ ነርስ ሆና በሠራችበት ክፍል ተኝታ፣ አንሶላ እንዲህ አይወጠርም እያለች የኛን ልጆች ታሠለጥንልናለች። የገረመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰባተኛው አልጋ ነው የደረሰሽ ሲሏት ዝም አለች። እማዬ ዝም ስትል አይተህ ታውቃለህ?

የደም ግፊቷን ገልብጠሽ ላኪልኝ ላልከው ይኸው። እዚሁ ነርስ ብሆንም የቤተሰብ ቻርት መሙላት ስለሚከለከል የምትለካት ነርሷ ጓደኛዬ ናት። መስከረም 28 ጠዋት 118 በ76፣ ትርታ 72። ቀትር ላይ 118 በ76፣ ትርታ 72። ማታም እንደዚያው። በ29 እንደዚያው፣ በ30 እንደዚያው። ወረቀት ላለማባከን የቀረውን ትቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ያው ነው። በጋዜጣው ዓምድህ ላይ "ሰው ሁሉ ሊመኘው የሚገባ ግፊት" ብለህ የጻፍከው ማለት ነው። ተረኛው ሐኪም ዓምድህን ቆርጦ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፣ እኔም ሳልፍ ፎቶህን ገላምጬ አልፋለሁ። በሰባ አራት ዓመቷ እንዲህ ያለ ግፊት፤ ለእኔም ለአንተም ይስጠን።

ሚጣህ


ጥቅምት 14

ሚጣዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ከደብዳቤው በኋላ በላክሻት አጭር ማስታወሻ የጠየቅሽኝ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ተማሪዎቼ ቢጠይቁኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። የአንድ ሰው ግፊት ሁለት ሳምንት ያህል አንዲት ነጥብ ሳይነቃነቅ ይቆያል ወይ? አይቆይም። የሰው ግፊት ሲተኛ ይወርዳል፣ ሲነሳ ይወጣል፣ ሽንት ሲይዘው ይጨምራል፣ ነጭ ጋዋን ሲያይ ይጨምራል። እኛ ባለሙያዎች በብዙ ነገር አንስማማም። ስንት ጨው ይበላ፣ ስንት ሰዓት ይኬድ፣ መድኃኒቱ ጠዋት ይዋጥ ወይስ ማታ እያልን ስንጨቃጨቅ ጉባኤ ይበተናል። በዚህ ላይ ግን የሚከራከር የለም። የማይንቀሳቀስ ቁጥር የተለካ ሳይሆን የተገለበጠ ነው።

ጓደኛሽ የላይኛውን መስመር እያየች ታችኛው ላይ ትጽፋለች፣ በቃ። የሰነፍ ነርስ ሁሉ ዘዴ ነው። በኔ ስም ተቆጪልኝ፣ ከዚያ ሰው ሳያይሽ ራስሽ ለኪያት። ሽንቷን ሸንታ፣ አምስት ደቂቃ አርፋ፣ ክንዷ ከልቧ እኩል ሆኖ። ግፊት አለካክ ላይ መመሪያ የሚያወጣው ኮሚቴ ውስጥ ሊያስገቡኝ ነው፤ ኅዳር 24 ትልቁ ጉባኤ ላይ ስለዚሁ ንግግር አደርጋለሁ። የገዛ እናቴ በግልበጣ ስትታከም ደስ አይልም።

ሰባተኛውን አልጋ ታስታውሰዋለህ ወይ ላልሽኝ፣ እዚያ የሠራሁት ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንድ ዓመት ነው፣ እሱም ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት። አልጋዎቹ ይምታቱብኛል። ለማንኛውም ሌላ ባዶ አልጋ ካለ ቀይሯት። መስኮት ሥር ብርድ ይመታታል።

ወንድምሽ


ጥቅምት 23

ወንድም ጋሼ፣

ጓደኛዬን አልተቆጣኋትም። ሳልጽፍ የቆየሁትም ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ስለጨነቀኝ ነው። አልገለበጠችም።

ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ሳለ ገብቼ ራሴ ለካኋት። 118 በ76፣ ትርታ 72። ክንዷ ላይ የሚታሰረውን ጨርቅ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ከወንዶች ክፍል ሌላ መለኪያ ተውሼ መጣሁ፣ ያው ነው። እንዳልከው አሳርፌ ለካኋት። ከዚያ አንተ ያላልከውን አደረግኩና ከአልጋ እስከ በር ሦስት ጊዜ አመላለስኳት። ፊቷ ቀላ፣ ታለከልካለች፣ "ልትገዪኝ ነው እንዴ?" ትለኛለች። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ሜርኩሪው ሲወርድ አየሁ። መቶ አስራ ስምንት ላይ ድምፁ ጀመረ፣ ሰባ ስድስት ላይ ጠፋ። እጇን ይዤ ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ። እያለከለከች ሰባ ሁለት።

አልጋው ይሆን ብዬ ልብስ ሰፊዋን አመጣሁ። ስድስተኛው አልጋ ላይ የምትተኛዋ ናት፣ ግፊቷ ከመቶ ሰባ ወርዶ አያውቅም። አንሶላሽን ልቀይር ብዬ እማዬ ቦታ አስቀምጬ ስለካት 118 በ76። ወደ ራሷ ስትመለስ 174። እማዬን ዘጠነኛው አልጋ ላይ አስተኛኋትና ለካሁ። 146 በ88፣ ትርታ 90። በመጥፎ ግፊት እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በማግስቱ ጠዋት ዘጠነኛው አልጋ ላይ እንዳለች ለካኋት። 118 በ76፣ ትርታ 72። ልብስ ሰፊዋን እንደገና ሰባተኛው ላይ አስቀመጥኳት፣ 170። ቁጥሩ አልጋውን ትቶ እማዬን ተከትሏት መጥቷል።

እማዬ የምትለው ሌላም ነገር አለ። ከጎኗ ያለው አልጋ ባዶ ነው። ትናንት ግን "ይቺን ሴትዮ አንድ በሏት፣ ሐኪሙ ለካኝ ወይ፣ ሐኪሙ ለካኝ ወይ እያለች ታደርቀኛለች" አለችኝ። ደግሞ ማታ ማታ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ እግሯም ማበጥ ጀምሯል። ተረኛው ሐኪም ቻርቱን አገላብጦ "ከኔ ትሻላለች" አለና ሄደ። ፈርቻለሁ ጋሼ።

ሚጣ


ጥቅምት 30

ሚጣዬ፣

ከደብዳቤሽ በኋላ በላክሽው ማስታወሻ፣ ሰባተኛው አልጋ ላይ ማንን ለክተህ ነበር ብለሽ የጠየቅሽኝ ለሐኪም የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም። በዚያ ዓመት የለካኋቸውን ሰዎች ሁሉ ላስታውስ አልችልም፤ አንድ ዓመት ነው፣ ሠላሳ አንድ አልጋ ነው።

ለተረኛው ሐኪም ቁጥሩን ትቶ ከንፈሯንና እግሯን እንዲያይ ንገሪው፣ በኔ ስም ንገሪው። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍላት። የድሮ ፋይል ልፈልግ ብለሽ መዝገብ ቤት ግን አትግቢ። አቧራው ለአስምሽ አይሆንም።

ይህ ደብዳቤ ስላጠረ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። እማዬ የምትላት ሴትዮ ፊቷ ወደ በሩ ነው ወይስ ወደ መስኮቱ?

ወንድምሽ


ኅዳር 8

ወንድም ጋሼ፣

ወደ መስኮቱ ነው። እማዬን ጠይቄያት ነው። "ፊቷን አዙራ ነው የምታወራኝ" አለች።

መዝገብ ቤት ገባሁ። አስሜም ተነሳብኝ፣ በእሱስ ልክ ነበርክ። መዝገብ ቤቱን የሚጠብቁት ሽማግሌ ከመደርደሪያዎቹ በዕድሜ የሚበልጡ ይመስለኛል፤ ሰባተኛው አልጋ፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ስላቸው ሳይፈልጉ እጃቸውን ሰደው አወጡት። መጽሐፍ የምትጠርዝ ሴት ነበረች። እግሯ ተሰብሮ የገባች፣ ጠያቂ ዘመድ የሌላት። በመጨረሻ ቀኗ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ 118 በ76፣ ትርታ 72 ተብሎ ተጽፏል። ሰባት ቁጥርን ወገቡ ላይ በጭረት የምትቆርጠው አንተ ነህ። አባዬ ነው ያስተማረን፣ እኔ ተውኩት፣ አንተ አልተውክም።

ከሥሩ በማግስቱ ጠዋት የተጻፈው የእማዬ እጅ ነው። "ሌሊት ሞታለች። ተረኛዋ ነርስ ዞራ አላየችም" ይላል። ተረኛዋ ራሷ እማዬ ናት። ከሥራ የተባረረችበት ደብዳቤ አብሮ ተሰፍቷል። ጉልበቴ ደከመኝ ብላ ሥራ ያቆመች ጊዜ እንዴት እንዳመንናት አስበው።

ጠየቅኋት። እንዲህ አለችኝ። "ማታ ስገባ ሴትዮዋ ቀዝቅዛ ደርቃለች። ከሞተች ቆይታለች። ወንድምሽ ደግሞ አሁን ለካኋት ብሎ ጽፎ ወጥቷል። እውነቱን ብጽፍ ልጄ ገና ሳይጀምር ያልቅለታል። የኔ ሥራ ለማለቅ ምን ቀረው? እስኪነጋ አጠገቧ ተቀምጬ አደርኩ።" ስለ ራሷ ቁጥር ስጠይቃት ደግሞ ሳቀች። "ልጄ የጻፈው ቁጥር ነው፤ ምን ያደርገኛል" አለች።

አሁን ሦስት ትራስ ካልተደረገላት ትንፋሽ ያጥራታል። እግሯን በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ አይመለስም። ሪፈሩን ስጠይቅ ተረኛው ሐኪም ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶህን አሳየኝና "በዚህ ግፊት ሪፈር ብጽፍ ወንድምሽ ራሱ ይስቅብኛል" አለኝ። በስምህ ብነግረውም "በጽሑፍ ያለው ሌላ ነው" አለኝ።

ሽማግሌው የነገሩኝን ልንገርህ፣ ለአንተ አዲስ አይደለም። ቻርት ላይ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም። አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ እውነቱ ከላይ ይጻፋል፣ ቀን ይደረግበታል፣ ይፈረምበታል። ይህን ማድረግ የሚችለው ደግሞ መጀመሪያ የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ና።

ሚጣ


ኅዳር 15

ሚጣዬ፣

ለካሃት ወይስ አልለካሃትም ነው ጥያቄሽ። አልለካኋትም።

ጠዋት ስገባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተኝታለች። ልቀስቅሳት ብዬ ተውኩት። ሠላሳ አንድ ሰው ነው፣ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ደክሞኛል፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ደግሞ ኳስ አለብኝ። የትናንቱን መስመር አየሁና ያንኑ ጻፍኩ። ቀትር ላይም አልተንቀሳቀሰችም፣ እንቅልፋም ናት ብዬ አሁንም ጻፍኩ። የማታውን መስመር ወደ ኳሱ ከመሄዴ በፊት በሩ ላይ ቆሜ ነው የጻፍኩት።

አየሽ፣ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ጠዋት ስገባ በሕይወት ነበረች? ከነበረች አንዲት ደቂቃ እጇን ብይዝ ኖሮ ትርታዋ ይነግረኝ ነበር፣ ትድን ነበር። ካልነበረች ደግሞ የበደልኩት ወረቀቱን ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ የሚያውቅም የለም፤ ምክንያቱም አልለካሁም። እማዬ ለምን እንደተባረረች ጠርጥሬ ነበር። አልጠየቅኋትም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ስደውልላት ጤናሽ እንዴት ነው እያልኩ ይህን አንድ ነገር አልጠየቅኋትም።

እመጣለሁ፣ በእርግጥ እመጣለሁ። ግን ጉባኤው በ24 ነው፣ ንግግሬ በፕሮግራሙ ላይ ታትሟል፣ የኮሚቴውም ነገር እዚያው ይወሰናል። አሁን ብቀር ምን ሆነ ይባላል። በ26 እነሳለሁ። ለተረኛው ሐኪም የጻፍኩት ማዘዣ አብሮ አለ፣ የእግሯ እብጠት እንዲጎድልላት ነው። አስራ አንድ ቀን ናት ሚጣዬ፣ ያዢልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 21

ወንድም ጋሼ፣

ይህን የምልከው በአውቶቡስ ሾፌሩ እጅ ነው፤ ራሱ ቢሮህ ድረስ ያመጣልሃል። ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ ደውዬ ነበር። ረዳትህ ንግግር እያዘጋጀህ እንደሆነ ነገረችኝና "አስቸኳይ ነው?" አለችኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። እናቱ ሞታለች፣ ግፊቷ ግን ደህና ነው ልበላት? ስልኩን ዘጋሁት።

ማዘዣህ ደርሶ ነበር። ተረኛው ሐኪም ግፊቷን አየና "በዚህ ላይ ይህን ብሰጣት ይጥላታል" ብሎ ኪሱ ከተተው።

ከትናንት ወዲያ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ፀጉሯን እያበጠርኩላት ነበር። "መጣ እንዴ?" አለችኝ። በ26 ይመጣል አልኳት። "አትቆጪው" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ማበጠሪያው እጄ ላይ እንዳለ ነው ያለፈችው። እኔ ስንት ሰው ገንዤአለሁ፣ ሞት አይጠፋኝም።

ተረኛው ሐኪም መጣ። ለካት። 118 በ76። እጇን ያዘ፣ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ሰባ ሁለት ብሎ ጻፈ። እኔም ያዝኩ። እጇ ቀዝቃዛ ነው ጋሼ፣ ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋል፣ ከጣቴ ሥር ግን ሰባ ሁለት ይመታል። ትናንትም ሦስት ጊዜ ለኩ። ዛሬ ጠዋትም ለኩ። ትርታ ላለው ሰው የሞት ወረቀት አልፈርምም ብሏል፤ እሱም ፈርቷል፣ አልፈርድበትም። ወረቀት ከሌለ አትቀበርም። መጋረጃ ጋርደንባት ተቀምጫለሁ። ልብስ ሰፊዋ ክፍል ቀይሩልኝ ብላ እያለቀሰች ሄደች።

በእኔ ጣት ሥር ይመታል፣ በሁላችንም ጣት ሥር ይመታል። በአንተ ጣት ሥር ላይመታ ይችላል። መለኪያ አታምጣ። እጅህን ብቻ ይዘህ ና።

ሚጣ


ታኅሣሥ 5

እህቴ ሚጣዬ፣

በቀብሩ ዕለት ልትጠይቂኝ ፈልገሽ ሰው ስለበዛ የተውሽውን፣ ትናንት በደረሰኝ ደብዳቤሽ ጠየቅሽኝ። እመልሳለሁ። እጄን ሳሳርፍባት ምን ነበር? ምንም አልነበረም። መጋረጃው ውስጥ ስገባ አንቺ ወጣሽልኝ፣ አመሰግናለሁ። ሙሉ አንድ ደቂቃ ያዝኳት፣ ከዚያ ሌላ አንድ ደቂቃ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ትርታ ፈልጌ አላውቅም። ከዚያ "ትርታ የለም" ብዬ ቻርቷ ላይ ጻፍኩና ፈረምኩ። ተረኛው ሐኪም ከኋላዬ መጥቶ ሲይዛት እሱም አላገኘም፣ እፎይ ብሎ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አይተሽዋል። ንግግሬ እንደቀረ ነው፤ አንድም ሰው ምን ሆነ አላለም።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው የከበደኝ። ከመሄድህ በፊት መዝገብ ቤት ገብተህ ነበር ወይ ብለሻል። ገብቼ ነበር። ሽማግሌው ፋይሉን አውጥተው ሰጡኝ፣ ወንበር ላምጣልህ ብለው ወጡ። የብዕሬን ክዳን ከፈትኩ። ከዚያ ኮሚቴው ትዝ አለኝ፣ ዓምዱ፣ ተማሪዎቼ፣ ስሜ። እማዬ አሁን የለችም፣ ከእንግዲህ ማንን ይጠቅማል አልኩ። ሽማግሌው ወንበር ይዘው ሲመለሱ ፋይሉ መደርደሪያው ላይ ነበር፣ እኔም አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ብያቸው ወጣሁ። ወንበሩን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ።

እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የግፊት መድኃኒት የምውጥ ሰው ነኝ፣ ለሰው አልነገርኩም እንጂ ያለመድኃኒት መቶ ስልሳ ነው የምውለው። ከቀብር የተመለስኩ ዕለት ራሴን ለካሁ። ቁጥሩን መንገር አያስፈልግም። መድኃኒቱን ተውኩ፣ ያው ነው። አራት ፎቅ በእግሬ ሮጬ ወጣሁና ለካሁ፣ ያው ነው። ረዳቴ ለካችኝና "ፕሮፌሰር፣ እርስዎ ለአገር ምሳሌ ነዎት" አለች። ከሦስት ቀን ወዲህ ጣቶቼ ይቀዘቅዛሉ፣ ደረጃ ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ጫማዬ ጠቦኛል። ለሁለት ባልደረቦቼ ነገርኳቸው። ለክተውኝ ሳቁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ከኋላዬ የሆነች ሴት "ለካኝ ወይ?" አለች። አልዞርኩም።

መንገዱን የምችለው አይመስለኝም። ስለዚህ በእጄ ጽፌ የፈረምኩትን አያይዤልሻለሁ። በዚያ ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አልለካሁም ይላል። ተረኛዋ ነርስ ጥፋት አልነበረባትም፣ እናቴ ነበረች ይላል። ሦስቱን መስመሮች ሰርዤአለሁ ማለት ነው፣ ከሩቅም ቢሆን እጁ የኔ ነው። ይበቃ እንደሆነ አላውቅም። ሽማግሌውን ስለ ወንበሩ ይቅርታ ጠይቂልኝና ወረቀቱን እዚያ ፋይል ውስጥ ራስሽ ክተቺው። የከተትሽበትን ቀንና ሰዓት ጻፊልኝ። እኔ እዚህ የመለኪያውን ጨርቅ ክንዴ ላይ አስሬ ቁጥሩ እስኪነቃነቅ እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ